ጎማው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር

(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



የዛሬው ተራ የእኔ መሆኑ ሲነገር ብዙዎቻችሁ ስለ ሂሳብ አያያዝ የማወራ መስሏችሁ ነበር። እውነታችሁን ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ በዲፕሎማ ተመርቄ ከወጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ ደረሰኝና መዝገብ ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ መኪና ጎማ ነው። ስትስቁ አያለሁ። እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሰው «ስለ ጎማ ላስተምርሽ» ቢለኝ እስቅ ነበር።

መኪናችን ትንሽ የቤት መኪና ናት፣ ቪትዝ። እቁብ ሲደርሰኝ ባለቤቴ ያጠራቀመውን ጨምረን ያገለገለች ገዛን። ባለቤቴ የሚሠራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ ቤት የሚመጣው በሁለት ወር አንዴ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው፣ እናቴን ሐኪም ቤት የምወስደው፣ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ። ነዳጅ እሞላለሁ፣ ዘይት በጊዜው አስቀይራለሁ፣ ቦሎ አሳድሳለሁ፣ የኢንሹራንሱ ቀን አያልፈኝም። ጎማውን ግን «እሱ ሲመጣ ያየዋል» ብዬ ትቼው ነበር። እሱ ደግሞ ሲመጣ ልጆቹን ሊያይ እንጂ ጎማ ሊያይ አይመጣም።

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ሰርግ አዳማ ነበር። እናቴ ከጎኔ፣ ሁለቱ ልጆቼና ታናሽ እህቴ ከኋላ ተቀመጡ። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ለስላሳ በሣጥን፣ ድስት፣ የሰርግ ልብስ፣ ያልገባ ነገር የለም። ከአንድ ቀን በፊት አንድ ጎሚስታ ጋ ቆሜ «ጎማዬን እስቲ እይልኝ» ብዬው ነበር። በእግሩ መታ መታ አደረገና «ችግር የለውም፣ ጠንካራ ነው» አለኝ። እኔም ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ከውጭ ሲታይ ጥርሱ ደህና ነው። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

በፈጣኑ መንገድ ቢሾፍቱን አልፈን ወደ ሞጆ ስንቃረብ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፍጥነቴ 100 ገደማ ነበር። «መንገዱ ነው» ብዬ ሳልጨርስ የቀኝ የፊት ጎማ ፈነዳ። መሪው ከእጄ ሊወጣ ወደ ቀኝ ጎተተኝ። ያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ ስማር አስተማሪዬ ደጋግሞ ይለኝ የነበረው ትዝ አለኝ፤ «ጎማ ከፈነዳ ፍሬን ላይ አትውጪ፤ መሪውን በሁለት እጅሽ አጥብቀሽ ያዥ፤ ነዳጁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ።» እንደዚያው አደረግሁ። መኪናዋ እየተንገጫገጨች ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ወደ ዳር አወጣኋት፣ ቆመች። እናቴ ማርያምን እየጠራች ነበር። ልጆቹ ድምፃቸው ጠፋ። የጠፋው ድምፃቸው እስከ ዛሬ ሌሊት ያባንነኛል።

እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆሞ ጎማ ቀየረልን። ስኮርት ጎማዬም ቢሆን ግማሹ አየር ወጥቶለት ነበር። እየተንፏቀቅን ሞጆ ደረስንና አንድ ሽበታም ጎሚስታ ጋ ቆምን። ሽማግሌው የፈነዳውን ጎማ አንስተው ውስጡን ወደ እኔ አዞሩት። በውጭ በኩል ጥርሱ አለ። በውስጥ በኩል፣ ወደ መኪናው ሆድ በሚያየው ጠርዝ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ሙልጭ ብሎ ተልጦ ሽቦው ይታያል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህ ጎማ ዛሬ አይደለም የፈነዳው። ሲነግርሽ ወራት ሆኖታል።»

አፈርኩ። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ በገቢም በወጪም በኩል ሳላመሳክር የማልዘጋ ሰው፣ ልጆቼን የምጭንበትን ጎማ በአንድ በኩል ብቻ አይቼ «ደህና ነው» አልኩ። መኪናዋ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ወደ ቀኝ ትስብ እንደነበርም ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። አንድ ቀን በዝናብ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ክፉኛ ከተመታች በኋላ ነበር የጀመራት።

ሽማግሌው የቀሩትን ሦስት ጎማዎችም ለኩ። 32 መሆን ሲገባቸው አንዱ 26፣ አንዱ 24፣ አንዱ 22 ነበሩ። «አላይመንቱ ጎማውን ከውስጥ በላው፣ አየሩ አነሰ፣ ጭነቱ በዛ፣ ፍጥነት ተጨመረ፣ ሙቀት ተጨመረ፣» እያሉ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ከአንዱ በቀር ሁሉም እኔ ቤት ሳለሁ በጥቂት ደቂቃ ልደርስበት የምችለው ነገር ነበር። እህቶቼ፣ ዛሬ የቆምኩት ያንን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ላሳያችሁ ነው።

መጀመሪያ ጎማ ሲበላ ምን እንደሚናገር እንይ። ደህና የሆነ ጎማ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያልቃል። እኩል ካላለቀ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱንም የተበላው ቦታ ራሱ ያሳያል።

አንደኛ፣ ሁለቱ ጠርዞች ተበልተው መሐሉ ከተረፈ፣ አየር እያነሰው ነው የሄደው። አየር ያነሰው ጎማ መሐሉ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ክብደቱን በሁለት ዳሩ ይሸከማል።

ሁለተኛ፣ መሐሉ ተበልቶ ሁለቱ ጠርዞች ከተረፉ፣ አየር በዝቶበታል። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ እንደ ኳስ ያብጥና መሬት የሚረግጠው በመሐሉ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ መኪናውን ያነጥራል፣ በእርጥብ መንገድም ላይ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። «ትንሽ አብዛልኝ፣ ይጠንክር» የምትሉ ካላችሁ ይህንን አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ በአንድ ጠርዝ በኩል ብቻ ከተበላ፣ እንደ እኔው፣ ጎማው ቀጥ ብሎ አልቆመም ማለት ነው። አላይመንቱ ተዛብቷል፣ ወይም ጎማውን የሚይዙት መገጣጠሚያዎች ላልተዋል። መኪናው ወደ አንድ በኩል ይስባል፣ ወይም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ዘንበል ብሎ ይቆማል። ጉድጓድና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የዚህ በሽታ ዋና መነሻ ናቸው። ወደ ውስጥ ያለው ጠርዝ ከተበላ ከውጭ አይታይም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፣ እጃችሁን በጎማው ወርድ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ስታሳልፉት፣ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆረቆራችሁ፣ ይህም የአላይመንት ችግር ነው። የፊት ጎማዎቹ እየተንሸራተቱ፣ መሬቱን እየፈተጉ ነው የሚሄዱት።

አምስተኛ፣ እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ፣ በየቦታው በማንኪያ የተዛቀ መስሎ ከተበላ፣ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል ወይም ጎማው ባላንስ የለውም። ጎማው መሬቱን ሳይለቅ በመንከባለል ፈንታ እየነጠረ ነው የሚሄደው ማለት ነው።

እንዴት እንደምታዩት ልንገራችሁ። መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሙና የእጅ ፍሬን ያዙ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሩና ሞተሩን አጥፉ። የፊት ጎማዎቹ ስለሚዞሩ የተደበቀውን ጠርዝ ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ድገሙት። ለኋላዎቹ ጎንበስ ብላችሁ በስልካችሁ መብራት ከውስጥ በኩል እዩ። እጃችሁን ስታሳልፉ ቀስ በሉ፣ ሽቦ የወጣ ከሆነ ይቆርጣል። ሽቦ የታየበት፣ ጎኑ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ወሬ የለውም፣ ያንኑ ዕለት ይቀየራል።

በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ደግሞ ከወዲያ ወዲህ የተጋደሙ ትናንሽ እርከኖች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከእርከኑ ጋር እኩል ሲሆን የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው ጊዜውን ጨርሷል። በክረምት ግን እስከዚያ መጠበቅም አይመከርም። ቦዩ የተሠራው ውኃውን ከጎማው ሥር እንዲያስወጣ ነው። ቦይ የሌለው ጎማ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የተንሳፈፈ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ስንት መሞላት እንዳለበት ጎሚስታውን አትጠይቁት፤ መኪናችሁ ላይ ተጽፏል። የሾፌሩን በር ክፈቱና በሩ በሚገጥምበት ምሰሶ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ፈልጉ። በአንዳንድ መኪና የነዳጅ ክዳን ውስጥ ይገኛል። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ጽሑፉ ባይነበብም ቁጥሩ ይነበባል። የእኛዋ 220 ይላል፣ ይህ በኪሎፓስካል ነው። ያው ልክ በባር 2.2፣ በጎሚስታው ጌጅ ደግሞ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ኪሎፓስካሉን ለ7 ብታካፍሉት ለፒ.ኤስ.አይ. ይቀርባል። አንዳንድ መኪና ለፊትና ለኋላ፣ ወይም ሰውና ዕቃ ሲሞላ የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ ሁሉንም አንብቡ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ግን እንዳትከተሉ። እሱ ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ መኪናችሁ የሚፈልገው መጠን አይደለም።

የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ጠዋት ሳትነዱ፣ ወይም መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ። ጎማ ሲሽከረከር ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ስለሚሞቅ ከ4 እስከ 6 ፒ.ኤስ.አይ. ሊጨምር ይችላል። የሞቀውን ለክታችሁ «በዝቷል» ብላችሁ ብታስተነፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ አንሶ ታገኙታላችሁ።

የመለኪያው አያያዝ ከቡና መቅዳት አይከብድም። የቫልቩን ትንሽ ክዳን ፍቱና እንዳይጠፋ ኪሳችሁ ክተቱ። ጌጁን ቀጥ አድርጋችሁ ጫን በሉት። ሲጢጥ ማለቱ ሲቆም ቁጥሩን አንብቡ። ክዳኑን መልሱ፤ አቧራና ጭቃ ወደ ቫልቩ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ወደ ቀጣዩ ጎማ። አራቱ ሲያልቁ አምስተኛውን፣ ስኮርቱን አትርሱ። እኔ የረሳሁትን አይታችኋል።

ቤት ኮምፕሬሰር የለንም፣ ጎሚስታ ጋ እስክንደርስ ደግሞ ጎማው ይሞቃል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። መፍትሔ አለው። ጠዋት ቤት ስትለኩ 26 ከሆነና 32 ከተፈለገ የጎደለው 6 ነው። ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ የሞቀውን ለኩ፤ 29 ቢል እንኳ የጠዋቱን 6 ጨምሩበትና 35 አስሞሉ። ሲቀዘቅዝ ወደ 32 ይመለሳል። የጎደለው ያው ጠዋት ያያችሁት ነው።

ጎማ ሳይበሳም በወር ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያጣል። ለብዙ ወራት ካልታየ የእኔ ጎማዎች የደረሱበት መድረሱ ነው። ደግሞ በዓይን አይታወቅም። የዛሬ ጎማ ልኩ ሞልቶም ቢሆን ከታች ገፋ ያለ ይመስላል፣ ብዙ ጎድሎትም ደህና ሊመስል ይችላል። በእግር መምታትማ ምንም አይለካም።

አንድ የቆየ እምነትም አለ። ወደ ቆላ ስትወርዱ፣ ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር፣ «በሙቀቱ እንዳይፈነዳ ትንሽ አስተንፍሺው» ይሏችኋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚሞቀው ሁሉ እሱም ከውስጥ ይግላል። የሚያፈነዳው ይህ ግለት ነው። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ጎማው በመንገድ ላይ እንደሚሞቅ ታስቦ የተቀመጠ ነውና በቀዝቃዛ ለክታችሁ ልኩን ሞልታችሁ ውረዱ።

እንግዲህ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ስለ ገንዘቡ ሳልናገር አልወርድም። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ጎማ 9,000 ብር ነው እንበል፤ በደንብ ከተያዘ 45,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች 18,000 ብር ወጡባቸው፣ በኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም ማለት ነው። አላይመንቱ ተዛብቶ በ18,000 ኪሎ ሜትር ቢያልቁ ግን በኪሎ ሜትር 1 ብር ይሆናል። በዚያ ርቀት 7,200 ብር መውጣት ሲገባው 18,000 ወጣ፤ 10,800 ብር መንገድ ላይ ተፈትጎ ቀረ። አየር ያነሰው ጎማ ነዳጅም እንደሚያስጨምር ስታስቡት ጉዳቱ ከዚህ ይበልጣል። ከዚህ ጎን የአላይመንት ዋጋና የአንድ ጌጅ ዋጋ አስቀምጡና ራሳችሁ ፍረዱ።

ሌላ የምመክራችሁ፣ ጎማው በአንድ በኩል ተበልቶ ስታገኙ አዲስ ጎማ ብቻ ገዝታችሁ አትመለሱ። በሽታው መኪናው ላይ ስለሆነ አዲሱንም እንደ አሮጌው ይበላዋል። መገጣጠሚያዎቹን አስፈትሹ፣ የላላ ካለ ይቀየር፣ ከዚያ አላይመንት አሠሩ። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማም የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አቀያይሩ። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች እዩ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ያገለገለ ጎማ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ዕድሜውን በዚህ ታውቃላችሁ፤ ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «እስቲ እይልኝ» ስል እንደ ቸገረው ሰው በእግሩ መታልኝ። አሁን ግን «ወንድሜ፣ የፊቶቹ 26 ናቸው፣ በቀዝቃዛ ነው የለካሁት፣ ስድስት ስድስት ጨምርልኝ» እላለሁ። ያው ሰፈር ያው ሥራ ነው፤ አነጋገሩ ግን ተለውጧል። ሞልቶ ሲጨርስ በራሴ ጌጅ እለካለሁ፣ እሱም አይቀየመኝም። ባለፈው እንዲያውም «እስቲ የእኔን ጌጅ ከአንቺው ጋር እናስተያየው» አለኝ። በሦስት ተለያይተው አገኘናቸው፤ የእሱ አርጅቶ ነበር።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ መኪና እንደሌላችሁ አውቃለሁ። እትዬ እዚያ ጥግ «እኛን ምን ያገባናል» እያሉ ከጎናቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያገባናል እትዬ። ልጆቻችን በሰርቪስ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ጠዋት ልጃችሁን ስታሳፍሩ ዓይናችሁን ወደ ጎማው ጣል አድርጉ። የተላጠ፣ ጎኑ ያበጠ፣ ሽቦው የታየ ከሆነ ሾፌሩን በአክብሮት ንገሩት። ካልሰማ ሌሎች ወላጆችን ይዛችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። ተሳፋሪም እናትም መጠየቅ መብቷ ነው።

እኔ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር አለችኝ። በወር አንዴ፣ እሑድ ጠዋት፣ አምስት ቁጥር እጽፋለሁ፤ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ ስኮርት። አንዱ ከሌሎቹ ፈጥኖ ከቀነሰ ምስማር ወግቶታል ወይም ቫልቩ ያፈሳል ማለት ነው፣ ሳይበርድ አሠራዋለሁ። ትልቋ ልጄ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቁጥሩን እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ያን ቀን ድምጿ የጠፋው ልጄ ዛሬ «እማዬ፣ የኋላ ግራው 30 ነው፣ ሁለት ይጎድለዋል» ስትለኝ ደስታዬ ልክ የለውም።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ከሣጥናችን አንድ ጥሩ ጌጅ ገዝተን ንብረት ክፍላችን ጋ እናስቀምጥ፤ መኪና ያላት አባል በየወሩ ፈርማ እየወሰደች ትለካበት። ወጪው ትንሽ ነው፣ ሂሳቡንም እኔ እይዛለሁ።

መኪናዬ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ጥላ ውስጥ ቆማለች፣ ጎማዋ ቀዝቃዛ ነው። ጌጁ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ቡናው እስኪደርስ ማየት የምትፈልጉ ኑና አብረን እንለካ።